ወደ ኋላ የሚያየው ወንበር

ወንድሜ ፎቶውን የላከልኝ ሥራ ላይ እያለሁ ነበር። ምንም አልጻፈበትም፤ መኪና ብቻ ነው። ረጅም፣ ጎንና ጎኑ ላይ እንጨት የሚመስል ፕላስቲክ የተለጠፈበት፣ አፍንጫው ካለፈ በኋላ ጅራቱ እስኪያልፍ ሰው ሻይ ጠጥቶ የሚጨርስ የሚመስል የድሮ የአሜሪካ ስቴሽን ዋገን። ሴይንት ፖል የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ስልኩን ወደ ዓይኔ አቀረብኩት፣ አራቅሁት፣ እንደገና አቀረብኩት። የእኛ አልነበረም፤ የእኛማ ድሮ ተጨፍልቆ ቁርጥራጭ ብረት ሆኗል። ግን ቁርጥ የእኛን ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ይህን አልክድም። ከሞተ ዓመታት ያለፉት አባዬ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ብቅ የሚል መስሎኝ ሆዴ ባባ። ትንሽ ቆይቶ ወንድሜ «ገዛሁት» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ደግሞ «ለልጆቹ»። ያን ጊዜ ደስታው የት እንደገባ አላውቅም። ወንድሜ ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ትልቋ ትምህርት ቤት ጀምራለች፣ ትንሿ ገና ጫማዋን ማሰር አትችልም። መኪናው ውስጥ የት እንደሚያስቀምጣቸው ሳይነግረኝ አውቃለሁ። እኛ በተቀመጥንበት ነው የሚያስቀምጣቸው።

ለምን እንደፈራሁ ለመናገር ከመኪናው መጀመር አለብኝ።

ወደ ሚኒያፖሊስ የመጣነው ኬንያ ከነበርንበት የስደተኞች ካምፕ ነው። እኔ ማንበብ ጀምሬ ነበር፤ ወንድሜ ገና አፉን እየፈታ። የተቀበለን የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን አልጋ ሰጠን፣ ካፖርት ሰጠን፣ በመጨረሻ ደግሞ ከምእመናኑ አንዷ አሮጊት ሞተው ልጆቻቸው ያልፈለጉትን መኪና ሰጠን። ጊዜው ፈረንጁ ሁሉ ወደ ሚኒቫን የዞረበት ነበር፤ ስቴሽን ዋገን የአያት መኪና ተብሎ ይሳቅበታል። አባዬ ግን ቁልፉን በሁለት እጁ ነው የተቀበለው። ዞሮ ዞሮ አየውና «ይሄ መኪና አይደለም፤ ቤት ነው የሰጡን» አለ። ወንበሩ ላይ የሟቿ ውሻ ፀጉር ተሰግስጎ ስለነበር እማዬ ስትለቅም ከረመች።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ መኪናውን ያጥባል። አጥቦ ሲጨርስ ያንን እንጨት የሚመስል ፕላስቲክ በጠረጴዛ መወልወያ ዘይት ይወለውለዋል። እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ «አንተ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው!» ትለዋለች። እሱም «ቢሆንም ደስ ይለዋል» ይላትና ሥራውን ይቀጥላል። ጎረቤታችን የነበረው ፈረንጅ ሳቁ ሲመጣበት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። አባዬ ያየው አይመስለኝም፤ ቢያየውም ግድ የሚሰጠው ሰው አልነበረም።

የኋላው በር ሁለት ዓይነት አከፋፈት ነበረው። ሲፈለግ እንደ ቤት በር ወደ ጎን ይከፈታል፤ ሲፈለግ እንደ መደርደሪያ ወደ ታች ይዘረጋል። ወደ ታች ሲዘረጋ እኔና ወንድሜ እግራችንን አንጠልጥለን ከሌክ ስትሪት የተገዛልንን ዶናት እንበላበታለን። ከወለሉ ደግሞ አንድ ክዳን ሲነሣ ወንበር ይወጣል፤ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር። ያ ወንበር የእኛ ነበር። ትልልቆቹ የሚመጣውን መንገድ ሲያዩ እኛ ያለፍነውን እናያለን። ሱቆቹ ከትከሻችን ጀርባ ድንገት ብቅ ይሉና እያነሱ፣ እያነሱ ይሄዳሉ። ከኋላችን ለሚነዳው ሁሉ እጃችንን እናወዛውዛለን፤ የአውቶቡስ ሾፌሮች ይመልሱልናል፣ ክራባት ያሰሩት አይመልሱም። እስከ ዛሬ ክራባት ያሰረ ሰው ሳይ ትንሽ እቀየማለሁ።

አባዬን የምናገኘውም እዚያው ነበር። ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ደግሞ ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ሌላ ሥራ ነበረው። በሳምንት ውስጥ ካልሲውን እንጂ እሱን አናየውም። እሑድ ግን መኪናው ውስጥ ከፊት ሆኖ ይዘምራል፤ እኛ ከኋላ ሆነን እንቀበለዋለን።

ክፉውም ነገር የእሑድ ነው።

ያኔ የእኛ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የራሱ ሕንፃ አልነበረውም። የፈረንጆቹ ፕሮግራም ካለቀ በኋላ ከሰዓት አዳራሻቸውን እንከራያለን፤ ዕቃ ማሳደር ግን አይፈቀድም። ስለዚህ ስፒከሩ፣ ኪቦርዱ፣ የሽቦው ጥቅል በየሳምንቱ ይጫናል፣ ይወርዳል። ከምእመናኑ ሁሉ ረጅም መኪና ያለው አባዬ ስለሆነ ሥራው በእሱ ላይ ወደቀ፤ እሱም ደስ ብሎት ተቀበለው። ትልልቆቹ ስፒከሮች መካከለኛው ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮላቸው እንደ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። መቆሚያ ብረቶቻቸው ግን ረጃጅም ናቸው፤ በእኔና በወንድሜ መካከል ይጋደሙና ጫፋቸው በኋላው መስኮት ይወጣል። በዚህ ምክንያት እሑድ እሑድ የኋላው መስታወት ክረምት ከበጋ ወርዶ ነው የምንሄደው። አባዬ የብረቶቹ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል።

እማዬ ደግሞ ንፋስ ትፈራለች። የእኛ ሰው እንደሆነ ይታወቃል፤ አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪው በላብ ተጠምቆ እንኳ አንዱ መስኮት ሲከፍት «ዝጋው እንጂ፣ ልትጨርሰን ነው?» የሚል አይጠፋም። እማዬ ግን ከሁሉም የባሰች ናት። የጆሮ ሕመም ከንፋስ፣ የወገብ ሕመም ከንፋስ፣ አፉ የተጣመመው ጎረቤትም ከንፋስ ነው። የኋላው መስታወት የጌታ ዕቃ ስለሚወጣበት አይነካም። እሷም የቀረውን ሁሉ ትዘጋለች። ጋቢና ትቀመጥና የራሷን መስታወት እስከ መጨረሻው ታጠብቃለች፣ የአባዬን ታስዘጋለች፣ ከዳሽቦርዱ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ ሳይቀር በእጇ ትደፍነዋለች። «ከኋላ የሚገባው አንሶ!» ትላለች። እኛን ዓይናችን ብቻ እስኪቀር በጋቢ ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠን።

እና እንተኛለን። ስለዚያ እንቅልፍ ለስንቱ ሰው አውርቻለሁ! ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሰውነታችን ይከብዳል፤ እጃችን ለማወዛወዝ ይሰንፋል። ሞተሩ ከበታቻችን ያንጎራጉራል፣ ጋቢው ይሞቃል፣ ትንሽ የጭስ ሽታ ሽው ይላል፤ ሽታውን እወደው ነበር። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ እስከ ዛሬ ተኝቼ አላውቅም። ስንነቃ ግን ራሳችንን ይፈልጠናል፤ ወንድሜን አንዳንዴ ያስመልሰዋል። እማዬ «ንፋስ መቷቸው ነው» ትልና ካገር ቤት የተላከላትን ደረቅ ዳማከሴ በመዳፏ አሽታ ታሸተናለች። በሚቀጥለው እሑድ መስኮቱን ካለፈው አጥብቃ ትዘጋለች።

አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩልናል። ብዙም ሳይቆይ ይሻለናል። ሁልጊዜ ይሻለን ነበር። አንድ እሑድ እማዬ ማይክ ይዛ መሰከረች፤ «ልጆቼ ታመው ይገባሉ፣ ድነው ይወጣሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ጠላት እንደገና ይዋጋቸዋል፤ ጌታ ግን አይሸነፍም» አለች። ጉባኤው እልል አለ፤ እኔም እልል አልኩ። በዚያ ጸሎት ዛሬም አልስቅም፤ በሕይወት የቆየነው በእሱ ይሆናል። ከመኪናው አውጥተው ጭስ የሌለበት ቦታ ያስገቡንም እነዚያው ሰዎች ናቸው።

በመጨረሻ ካምቢዮው እምቢ አለና መኪናው ቆመ። ጎታቹ መጥቶ ሲወስደው ወንድሜ መንገድ ላይ ተንከባሎ አለቀሰ። አባዬ ከጎኑ የተላቀቀች አንዲት የፕላስቲክ ቁራጭ አንሥቶ ሰጠው፤ እስከ ዛሬ አለችው። ሚኒቫን ገዛን። ራስ ምታቱም ጠፋ። እማዬ ድሉን እንደገና መሰከረች፤ ለምን ጠፋ ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

እኔም ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ድረስ አልጠየቅሁም። የዚያን ዕለት ቤቴ ኮሪደር ላይ የተሰቀለችው ነጭ የጋዝ አላርም መጮህ ጀመረች። ባትሪዋ ያለቀ መስሎኝ ነቅዬ ትራስ ሥር ቀበርኳት፤ እዚያም ሆና ጮኸች። ደወልኩና የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። የቤቱ ማሞቂያ ቱቦ ተሰንጥቆ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያፈስ ኖሯል፤ ከሚነድ ነገር የሚወጣ፣ የማይታይ፣ በራሱ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። ከሠራተኞቹ አንዷ ሴት በረዶው ላይ አቁማ ጠየቀችኝ፤ ራስሽን ያምሻል? እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል? ያቅለሸልሽሻል? ውጭ ስትወጪ ይሻልሻል? የመጨረሻውን ስትጠይቀኝ ክው ብዬ ቀረሁ። እሷ ስለዚያ ጠዋት ነው የምትጠይቀኝ። እኔ ግን በጋቢ ተጠቅልዬ ወደ ኋላ የሚያየው ወንበር ላይ ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት ስለ ድሮዎቹ ስቴሽን ዋገኖች ፈልጌ አነበብኩ። የኋላው መስታወት ብቻ ተከፍቶ ሲነዱ፣ መኪናው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ በኋላ በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከፊት አየር የሚገባበት ከሌለ ጭሱ የሚገፋው አጥቶ እዚያው ይከማቻል። እዚያው ማለት እኛ የምንቀመጥበት ነው። ካነበብኩ በኋላ ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከልጅነቴ ሁሉ የምወደው ትዝታ ያ እንቅልፍ ነበር፤ እንቅልፍ አልነበረም።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? ለወንድሜ ግን ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። ከዚያ በረዶው ሲቀልጥ ያ ፎቶ መጣ።

ሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ፍሪድሊ ሄድኩ። ወንድሜ እዚያ የሕክምና መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቤቱም ከዚያው አጠገብ ነው፤ እማዬም አብራው ትኖራለች። መኪናው ግቢው ላይ ተዘርግቷል። የውሸት እንጨቱ በዘይት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሁለቱ ልጆች ኋላ ተቀምጠው ለተዘጋው የጋራዥ በር እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አጠገባቸው ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ለእኔ ጠቦ ጉልበቴ ደረቴ ጋ ደረሰ። ሽታው ያው ነበር። እንባዬ መጣ፤ ልጆቹ እንዳያዩኝ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ከዚያ ወጥቼ ወንድሜን ወደ ጥግ ወሰድኩት።

«ወንድምዓለም፣ ስለ ጭሱ የነገርኩህን ረሳኸው?»

«እህትዓለም፣ ሪላክስ አድርጊ። ሜካኒክ ጋ ወስጄ ቼክ አስደርጌዋለሁ። ማርሚታው አዲስ ነው።»

«አዲስ ቢሆን ምን ያወጣል፣ ሽቶ?»

«እኛ ስንት ዓመት ሄድንበት። ሞትን?»

«ያልሞትነው አዳራሹ ቅርብ ስለነበር ነው።»

የውሸት እንጨቱን በአውራ ጣቱ ሲያሻሸው ቆየና «ከአባዬ ጋር የኖርኩት እዚህ ውስጥ ብቻ ነው» አለኝ። «ያ እንቅልፍ ትዝ ይልሻል? የእኔ ልጆች እንደዚያ ተኝተው አያውቁም፤ ታብሌት ላይ እንዳፈጠጡ ነው የሚውሉት። አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ተኝተው ላያቸው እፈልጋለሁ።»

«የፈለግኸውን አድርግ፤ የኋላውን መስታወት ግን እንዳትከፍተው» አልኩት። ቃል ገባልኝ። ወንድሜ ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም፤ የሚያስፈራኝም ያ አልነበረም። የሚያስፈራኝ የምለው ነገር ጆሮው ላይ ሲደርስ ትዝታው ቀድሞ መገኘቱ ነው። ፀደዩ ሙሉ በደወለልኝ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይል ነበር።

በበጋ ቤተ ክርስቲያኑ በየዓመቱ የሚያደርገው ሽርሽር ደረሰ፤ ቦታው ኤደን ፕሬሪ ያለ መናፈሻ ነው። ከፍሪድሊ ሲነሡ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። እኔ ከሴይንት ፖል በራሴ መኪና ተነሣሁ። በጋ ደግሞ ሚኒሶታ መንገድ የሚቆፈርበት ወቅት ነው፤ ሀይዌዩ ላይ ብርቱካናማ በርሜል ተደርድሮ መኪናው ሁሉ ይንፏቀቃል። ከፍሪድሊ የሚመጣው መንገድ ከእኔ ጋር የሚገናኝበት ጋ ስደርስ ከፊቴ አየሁት።

ደስ አለኝ፤ ምን ላድርግ። ከሁሉም መኪና ረዝሞ፣ ጎኑ በፀሐይ እየበራ፣ እንደ ጥንቱ ቀስ እያለ ይሄዳል። ተጠግቼ ከኋላው ገባሁ። ሁለቱ ልጆች ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ተቀምጠዋል። ሲያውቁኝ ጮኹ፣ እጃቸውን አወዛወዙ። እኔም አወዛወዝኩ፤ መብራቴን አበራሁ፣ አጠፋሁ። ስንት እሑድ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የማላውቀውን ሾፌር አይቻለሁ፤ ዛሬ ሾፌሩ እኔ ሆንኩ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ቀዩን ጨርቅ አየሁ።

በሁለቱ ልጆች መካከል የድንኳን ብረቶች ተጋድመዋል፤ ጫፋቸው ወጥቷል፣ ጨርቁ እዚያ ላይ ይርገበገባል። የቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን ወንድሜ ጋራዥ እንደሚቀመጥ እንዴት ረሳሁ! መስታወቱ እስከ ታች ወርዷል። ጋቢናውን አየሁ፤ የእማዬ ራስ በነጠላ ተሸፍኗል፣ መስኮቷ ዝግ ነው። የወንድሜም ዝግ ነው። ልጆቹ በዚያ ሙቀት በነጠላ ተጠቅልለዋል። ወንድሜ ኋላ ላይ እንደነገረኝ፣ ብረቱ አልገባ ሲለው መስታወቱን አወረደና «ክፍት ከሆነ አየር ይገባል፤ እንዲያውም ይሻላል» ብሎ አሰበ።

ትንሿ ልጅ እጇን አወረደች። ራሷ ወደ እህቷ ትከሻ ዘመም አለ። ትልቋ ማወዛወዟን አላቆመችም፤ ግን እጇ ከበፊቱ ቀስ፣ ከዚያም ይበልጥ ቀስ አለ፤ በኋላ ጭኗ ላይ ወደቀ። ዓይኗ ክፍት ነው፤ እኔን ግን አያየኝም።

ክላክስ አደረግሁ። ደጋግሜ አደረግሁ። ወንድሜ በስፖኪዮ አየኝና እጁን አነሣልኝ፤ ከዚያ እሱም እንደ ሰርግ አጃቢ ጲ ጲ ጲጲጲ አደረገልኝ። የደስታ መስሎታል። የእኛ ሰው ክላክስ ሲሰማ ሙሽራ ነው የሚታየው። ደወልኩለት፤ አያነሣም፤ እዚያ መኪና ውስጥ ስልክ አይነሣም የሚል ሕግ ለአባዬ ክብር አውጥቷል። እማዬ ጋ ደወልኩ፤ የእሷ ስልክ በመሐረብ ተጠቅልሎ ቦርሳዋ ሥር ነው የሚኖረው።

ወደ ጎን ወጥቼ ከጎናቸው ደረስኩ። መስኮቴን አውርጄ «እማዬ ክፈቺው! መስኮቱን ክፈቺው!» ብዬ ጮህኩ። እማዬ በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለችልኝ። በእጄ ወደ ታች፣ ወደ ታች አሳየኋት። ገባት። ራሷን ግን በእምቢታ ነቀነቀች፤ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ሳብ አድርጋ በጣቷ ወደ ውጭ፣ ወደ ንፋሱ አመለከተችኝ።

ያን ጊዜ የማን መኪና ይመታኛል አላልኩም። ፍሬቻ ሳላሳይ ከፊታቸው ገባሁ፣ የአደጋ መብራቱን አበራሁ፣ ወንድሜ ጠርዝ ይዞ እስኪቆም ድረስ ፍሬኔን ቀስ እያልኩ ረገጥኩ። ወርጄ ሮጥኩ። ከኋላ ያሉት ክላክሳቸውን ያንባርቁብኛል። ወንድሜ ወጥቶ «አብደሻል እንዴ? ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ፤ አልፌው ሄድኩ። ተከትሎኝ መጣ። ልጆቹን ሲያይ ቁጣው ጠፋ፤ ፊቱ በራ።

«አየሻቸው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳይነቁበት። «ልክ እንደኛ።»

በሩን ስከፍተው ብረቶቹ አስፋልቱ ላይ ተንኳኩ። ትንሿን ብድግ ሳደርጋት እንደ እርጥብ ፎጣ ክንዴ ላይ ተጣጠፈች። አልነቃችም። ወንድሜ ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ መቼ እንደጠፋ አላየሁም፤ ትልቋን ይዞ አጠገቤ ሣሩ ላይ ሲንበረከክ ብቻ አየሁት። ናይን ዋን ዋን ደውዬ አምቡላንስ ጠራሁ። የትንሿን ደረት በእጄ ያዝኩ፤ ትተነፍሳለች። ስሟን ጠራሁ፣ ጉንጯን መታ መታ አደረግሁ፣ እንደገና ጠራሁ። ምንም የለም። ወንድሜ አባዬ የሚዘምረውን መዝሙር ያለ ዜማ ያጉተመትም ጀመር፤ ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። ከዚያ ልጅቷ አስመለሳት፤ ቀጥሎ አለቀሰች። የልጅ ለቅሶ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። ትልቋ ዓይኗን ገልጣ በእንግሊዝኛ «ራሴን ያመኛል» አለች። የእኔው የድሮ ቃል ነው።

እማዬ ደረሰች። «ወይኔ ልጆቼን! ንፋስ መቷቸው ነው» አለችና ነጠላዋን ከራሷ አውልቃ የትንሿን አፍና አፍንጫ ልትሸፍን ጎንበስ አለች። እጇን ገፋሁት። «ተይ!» ብዬ ጮህኩባት። በዕድሜዬ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ለሁለቱም የኦክስጅን ጭንብል አደረጉላቸው። ሐኪሟ በጊዜ ደርሰዋል፣ ይድናሉ፣ ለጥንቃቄ ግን ዛሬ እዚሁ ያድራሉ አለችን። ወንድሜ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። የምለው ሁሉ ተዘጋጅቶልኝ ነበር፤ ሳየው ግን ሁሉም ጠፋብኝና አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ቃሌን በላሁ» አለ።

እማዬ እንግሊዝኛው ስለማይገባት ሐኪሟ ያለችውን እንድነግራት ጠየቀችኝ። የመኪናው ጭስ ነው አልኳት፤ በኋላው መስኮት ገብቶ መውጫ አጣ። ማን መስኮቱን እንደዘጋ ላለመናገር ቃላቱን እየመረጥኩ ነበር። ነጠላዋን ጭኗ ላይ ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ፣ እንደገና ስታጥፍ ቆየች።

«ንፋሱ አይደለም?»

«አይደለም እማዬ።»

«እናንተስ?»

«እኛ ምን?» አልኩ፤ የምትጠይቀኝን ግን አውቄዋለሁ።

«ያኔ። ራሳችሁን ሲያማችሁ።»

ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ያህል ዓመት የመሰከረችውን፣ ያሸተተችንን ዳማከሴ፣ አጥብቃ የዘጋችውን መስታወት ሁሉ በአንድ ቃል ልተውላት እችል ነበር። ግን ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ነው፤ እናቴ ደግሞ ውሸቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቀዋለች። «አዎ» አልኩ። እማዬ ወደ ልጆቹ ክፍል ዞረችና ለማንም ሳይሆን «እኔ ነበርኩ የምዘጋው» አለች።

ከሰዓት ወንድሜ ከሥራ ከመጣችው ሚስቱ ጋር ልጆቹ ጋ ቀረ፤ እማዬን እኔ ወደ ቤት ይዣት ተመለስኩ። ጋቢና ተቀመጠች። መንገድ ስንይዝ እጇ በሩን ይዳብስ ጀመር፤ ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም። መኪናዬ ውስጥ ስንት ዓመት ስትሳፈር ያችን ቁልፍ ነክታት አታውቅም። አገኘቻትና ተጫነቻት፤ መስታወቱ እስከ ታች ወረደ። ንፋሱ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍቶ ትከሻዋ ላይ ጣለው፤ ሽበቷን በተነው።

«እማዬ፣ ጆሮሽን ይመታሻል። ልዝጋልሽ?»

«ተይው፤ ይግባ» አለች።

ትንሽ ሄድን። ፊቷን ከንፋሱ አላዞረችም፤ ዓይኗ ያነባል፣ ከንፋሱ ይሁን አላውቅም። ከዚያ ሳትዞር በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ አመለከተች።

«የኋላዎቹንም ክፈቻቸው።»

ኋላ ማንም አልነበረም። ከፈትኳቸው።